ሰዓት የምትሸጠው ሴትዮና እጃችን ላይ ያለው አፕዴት

ለንደን ውስጥ ሰዓት እየሸጠች የምትኖር አንዲት ሴት ነበረች። የእጅ ሰዓት ማለቴ አይደለም። ሰዓቱን ራሱን ነው፤ "አሁን በትክክል ስንት ሰዓት ነው?" ለሚለው ጥያቄ መልሱን። ስሟ ሩት ቤልቪል ይባላል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላሰለቻችሁም።)

ሥራውን የወረሰችው ከአባቷ ነው። አባቷ ጆን ሄንሪ ቤልቪል በግሪንዊች የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። በዚያ ዘመን ትክክለኛ ሰዓት የሚገኘው ከኮከብ ነው፤ ኮከቡን የሚያየው ደግሞ ግሪንዊች ነው። የለንደን ሰዓት ሠሪዎች ሰዓታቸውን ለማስተካከል እየመጡ በር ማንኳኳት ሲያበዙ ለሳይንቲስቶቹ ሥራ አስፈታቸው። በ1836 ቤልቪል አንድ በጣም ጥሩ የኪስ ሰዓት ይዞ፣ ጣቢያው ላይ አስተካክሎ፣ ለደንበኞች በየሱቃቸው ማድረስ ጀመረ። ደንበኞቹ 200 ገደማ ነበሩ። በ1856 ሲሞት ሚስቱ ማሪያ ቀጠለች። ማሪያ በ1892 ስትተው ልጇ ሩት ተረከበች። ሩትም እስከ 1940 ድረስ፣ እድሜዋ 86 እስኪሆን፣ ያንኑ ሰዓት ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ስትዞር ኖረች። ሦስት ሰው፣ አንድ ሰዓት፣ ከ100 ዓመት በላይ።

ሰዓቱን የሠራው ጆን አርኖልድ የሚባል ዝነኛ ባለሙያ ስለነበር "አርኖልድ" እያሉ ነበር የሚጠሩት። መጀመሪያ የተሠራው ለአንድ የንጉሥ ልጅ፣ ለሰሴክስ መስፍን ነበር። ቅርፊቱ ወርቅ ነበረ፤ አባትየው ሌባ ፈርቶ በብር አስቀየረው። ብልህ ሰው! ዛሬም ታክሲ ተራ ላይ ስማርት ዋቹን በእጅጌው የሚሸፍን ሰው ሳይ እሱ ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ አሠራሩን ልብ በሉልኝ። ሩት በሳምንት አንዴ ግሪንዊች ትሄዳለች። ጣቢያው አርኖልድን ያይና ስንት ሰከንድ እንደቀደመ ወይም እንደዘገየ ወረቀት ላይ ጽፎ ይሰጣታል። እሷ ደግሞ ከሱቅ ሱቅ እየዞረች "አዩት?" ትላለች። ደንበኛው አይቶ የራሱን ያስተካክላል። ክፍያው በዓመት ነው። ምንጩ አለ፣ አመላላሹ አለ፣ ተቀባዩ አለ፣ የዓመት ክፍያ አለ። ዛሬ አፕዴት የምንለው ነገር ከነሙሉ አጥንቱ እዚያ ቆሞ አልታያችሁም? የጎደለው ብሉቱዙ ብቻ ነው።

በ1908 አንድ ተፎካካሪ ተነሳባት። ሰዓትን በቴሌግራፍ መስመር የሚሸጥ ድርጅት ኃላፊ የነበረው ሴንት ጆን ዊን ስብሰባ ላይ ቆሞ ይህቺን ሴት አብጠለጠለ። አሠራሯ ያረጀ ነው አለ፤ ደንበኛ የምታገኘውም ሴት ስለሆነች ነው የሚል ነገር ወረወረ። ጋዜጣው ንግግሩን ሲያወጣ ሰውየው ራሱ ሰዓት ሻጭ መሆኑን አልጠቀሰም። ውጤቱ ምን ሆነ? ስሟን የማያውቅ ሁሉ አወቃት፣ ገበያዋ ደራ። ነጻ ማስታወቂያ በሉት።

እሷን ያሸነፋት ስድቡ ሳይሆን ነጻ የሆነው ነገር ነው። በ1924 ቢቢሲ በሬዲዮ የሰዓት ድምፅ፣ ያቺን "ፒፕ ፒፕ" የምትለዋን፣ ማሰማት ጀመረ። በ1936 ደግሞ ስልክ ደውሎ ሰዓት መስማት ተቻለ። ያም ሆኖ ሩት ሥራዋን ስትተው አንድም ደንበኛ ሰዓቱ አልቆመበትም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እፈልገዋለሁ። ሻጯ ሄደች፣ ሰዓቱ ግን መቁጠሩን ቀጠለ።

እኛም ቤት ያው ነበር። አባቴ የማታውን የሬዲዮ ዜና የሚሰማው ለዜናው ብቻ አይመስለኝም። "ከምሽቱ ሁለት ሰዓት" ሲባል አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ መሙያዋ ላይ ናቸው። ትንሽ ሳብ፣ ትንሽ ጠምዘዝ፣ ጫን፤ አለቀ። አፕዴት ተደረገ! ደግሞ ያስተካከለው በሀበሻ አቆጣጠር ነው። ሰዓቱን የሠራው ስዊዘርላንዳዊ ቀኑ ከንጋት እንደሚጀምር ባያውቅም ግድ የለውም፤ ቀስቷን ስድስት ሰዓት ማዞር ነው። ፋብሪካውን የሚያስፈቅድ የለም። ስማርት ዋች ላይ ይህን ሞክሩ እስቲ። ሰዓቱን የሚወስደው ከስልክ ነው፣ ስልኩ ደግሞ ከኔትወርኩ ነው። ብትፈልግ ባትፈልግ ቀትር 12፡00 ይልሃል። ስንቶቻችን ነን እጃችንን ባየን ቁጥር በሆዳችን ስድስት የምንቀንሰው?

ወደ ታሪኩ። በ1969 ገና ዋዜማ ሳይሆን በራሱ በፈረንጅ ገና ዕለት፣ ጃፓኖቹ ሴይኮዎች አስትሮን የሚባል የመጀመሪያውን የኳርትዝ እጅ ሰዓት ገበያ ላይ አወጡ። ከዚያ ዲጂታሉ መጣ። ይህን ምዕራፍ በፍጥነት ነው የማልፈው፤ ምክንያቱም እነዚህ ሰዓቶች ኮምፒውተር ቢሆኑም የተወለዱበትን ፕሮግራም ይዘው ነው የሚሞቱት። ማንም አይነካቸውም።

ከውጭ የሚነገረውን መስማት የጀመረ ሰዓት በ1994 መጣ። ታይሜክስ ከማይክሮሶፍት ጋር ሆኖ የሠራው ዳታሊንክ ነው። አሠራሩ አስማት ይመስላል። ኮምፒውተር ላይ ስልክ ቁጥርና ቀጠሮ ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ ሰዓቱን ወደ ስክሪኑ ታዞሩታላችሁ። ስክሪኑ ላይ ነጫጭ መስመሮች ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ የሰዓቱ ትንሽ ዓይን ብልጭታውን እያነበበች መረጃውን ትቀበላለች። ገመድ የለ፣ ሬዲዮ የለ። ቀጥለው የመጡት ሞዴሎች ትንንሽ ፕሮግራም ሳይቀር በዚያው ብልጭታ ይቀበሉ ነበር። ለእኔ በእጅ ላይ ሶፍትዌር የመቀየር ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ምን ገደለው? ስክሪኑ። ዳታሊንክ የተሠራው እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ከኋላው ወፍራም ለነበረው፣ ምስሉን መስመር በመስመር በጨረር ለሚስለው ስክሪን ነው። ጠፍጣፋው ስክሪን ሲመጣ እንደዚያ አይብለጨለጭም፤ ሰዓቱ ምንም ሊያነብ አልቻለም። ላፕቶፕ ላላቸው ለብቻው የሚሰካ መብራት ይሸጥላቸው ነበር። አያችሁ፣ ሰዓቱ አልተበላሸም። ሲያነጋግረው የነበረው ወገን ነው ቋንቋ የቀየረው።

ከዚያ ማይክሮሶፍት በራሱ መንገድ ተመለሰ። ቢል ጌትስ በ2003 መጀመሪያ ያስተዋወቀው፣ በ2004 ገበያ ላይ የዋለው ስፖት የሚባል ሰዓት ነው። ዜና፣ የአየር ሁኔታ፣ የአክሲዮን ዋጋ በኤፍ ኤም ሬዲዮ ሞገድ ላይ ተጭኖ እጅ ላይ ይደርሳል፤ በዓመት 59 ዶላር። ፎሲልና ቲሶ ሳይቀሩ ሠሩለት። የሩት ቤልቪል ንግድ በሬዲዮ ማለት ነው፤ ግን የሚሠራው አሜሪካና ካናዳ ከተሞች ውስጥ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ያለው ስልክ ሲመጣ ማን 59 ዶላር ይክፈል? ሰዓቱ በ2008 መሸጥ ቆመ፣ አገልግሎቱም 2012 ሲገባ ተዘጋ። የሩትን መጨረሻ ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። እዚህ ሻጩ ሲሄድ የተገዛበት ነገር ሁሉ አብሮ ሄደ።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ የገፋፋኝ ነገር አለ። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ዐረብ አገር ነው የምትሠራው። ለእናቷ ስማርት ዋች ልካላቸው ነበር። እናትየው ስልካቸውን ቤት ጥለው ጓሮ ይወጣሉ፤ ልጅ ስትደውል ሰዓቱ እጃቸው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ሮጠው ይገባሉ። ለሰዓቱ የነበራቸው ጥቅም ይኸው ነው። እርምጃ መቁጠሩ፣ የእንቅልፍ ሰዓቱ፣ ምኑም አይደለም። አንድ ቀን "አዲስ ሶፍትዌር አለ" የሚል መጣ፣ የጎረቤት ልጅ እሺ አለላቸው። ሰዓቱ ታደሰ፤ የታደሰው ሰዓት አዲስ አፕ ፈለገ፤ አዲሱ አፕ ደግሞ የእሳቸውን አሮጌ ስልክ አልቀበልም አለ። ባትሪው አልቆ ሲነሳማ ቀኑን እንኳን ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 አለው። (1970 ከየት መጣ ለምትሉ፤ ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለፈው ሰከንድ ብዛት ነው። ቆጠራው ዜሮ ሲሆን የኮምፒውተር አዳም እዚያ ቀን ላይ ይነቃል።)

"ቲቸር፣ ምን ላድርግላቸው?" ብላ ጻፈችልኝ። ኩባንያውን አልጠራም፤ ጥያቄ ቢላክለትም መልስ አልሰጣትም። በጎረቤቱ ልጅ ስልክ ሲገናኝ ሰዓቱና ቀኑ ተስተካከለ። ግን አሁን የሚንቀጠቀጠው ለጎረቤቱ ልጅ ሲደወል ነው። እናትየው እንደገና ስልኩን በመቀነታቸው ይዘው ጓሮ መውጣት ጀምረዋል። ዳታሊንክን ያስታውሳል አይደል? ሰዓቱ ደህና ነው፤ ማዶ ያለው ወገን ነው የተቀየረው።

ብዙዎቻችሁ አፕዴትን የምትፈሩት ግን በሌላ ምክንያት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዳታ ይበላል፣ መብራት ይጠፋል። ሁለተኛው ፍርሃት መሠረት አለው። ሶፍትዌር ሲቀየር አሮጌው ተጽፎበት አዲሱ እየተተካ ነው፤ መሀል ላይ ኃይል ቢቋረጥ አሮጌውም አዲሱም ያልሆነ ነገር ሊቀር ይችላል። ለዚህ ነው አፕል ለዓመታት ሰዓቱ ቻርጀር ላይ ካልሆነና ባትሪው ቢያንስ 50 በመቶ ካልሞላ አልጀምርም ሲል የኖረው። ጥንቁቅ ሠሪዎች ለክፉ ቀን የምትሆን ትንሽ የማገገሚያ ሶፍትዌር ለብቻዋ ያስቀምጣሉ፤ ዋናው ቢበላሽ እሷ ትነሳና ሰዓቱን ከስልኩ ጋር ታገናኘዋለች። እንዲያም ሆኖ ትልልቆቹም ይሳሳታሉ። በኦክቶበር 2018 አፕል ያወጣው ዋች ኦኤስ 5.1 አንዳንድ ሰዓቶችን ምልክቱ ላይ አድርቆ አስቀራቸው፤ ኩባንያው ወዲያው አፕዴቱን ከመስመር አወረደው። ሳምሰንግ ደግሞ በ2013 ያወጣውን ጋላክሲ ጊር በተከታዩ ዓመት ከአንድሮይድ ወደ ታይዘን አዛወረው። እስቲ አስቡት፣ ያው ብረት፣ ያው መስታወት፣ ውስጡ ያለው ነፍስ ግን ሌላ። ሲዛወር ሰዓቱ ላይ የነበረው መረጃ ይጠፋ ነበር።

አፕዴት ሲሰጥም አለ፣ ሲነሳም አለ። ሲሰጥ፤ በሴፕቴምበር 2018 አፕል ዋች ሲሪስ 4 የገዛ አሜሪካዊ የልብ ኢሲጂ የሚያነሳው ክፍል እጁ ላይ ነበረ፣ ግን አይሠራም ነበር። ዲሴምበር ላይ በአፕዴት ተከፈተለት። ሐኪም ቤት ሳይሄድ፣ ሰዓት ሠሪ ጋ ሳይሄድ፣ ሌሊት ቻርጀር ላይ አድሮ።

ሲነሳ ደግሞ እንዲህ ነው። ማሲሞ የሚባል የሕክምና መሣሪያ ኩባንያ የደም ኦክስጅን መለኪያው የፈጠራ መብቴን ይነካል ብሎ አፕልን ከሰሰ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2023 ለማሲሞ ፈረደ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የማስገባት እገዳው ጸና። አፕል ምን አደረገ? ከጃንዋሪ 18 ቀን 2024 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጣቸው አዳዲስ ሰዓቶች ላይ መለኪያውን በሶፍትዌር ዘጋው። መሣሪያው በውስጡ አለ፤ መብራቱ አለ፣ ዓይኑ አለ። ባለቤቱ ከፍሎበታል። ግን ክልክል ነው። ቀድሞ የተሸጠው አልተነካም፤ አንድ ቀን ዘግይቶ የገዛው ወንድሙ ግን የለውም። በኦገስት 2025 እንደገና በአፕዴት ተመለሰ፤ ግን ስሌቱን አሁን የሚሠራው ሰዓቱ ሳይሆን ስልኩ ነው። የመሬት ሥሪትን ሳስተምር ርስትና ጉልትን የሚያምታቱብኝ ልጆች አሉ። መሬቱ የማን እንደሆነና ከመሬቱ የሚገኘው የማን እንደሆነ ሁለት ጥያቄ ነው እላቸዋለሁ። ከአሁን ወዲህ ይህን ሰዓት ምሳሌ ሳላደርገው አልቀርም።

ታዲያ አፕዴት ይቅርብን እያልኩ አይደለም። የማይታደስ መሣሪያ ጊዜ የሚቀጣው አለ። ጂፒኤስን ውሰዱ። ሳተላይቶቹ ሳምንት ነው የሚቆጥሩት፤ ለሳምንቱ ቁጥር የተመደበለት ቦታ ግን 1,024 ሳምንት ብቻ ነው የሚይዘው፣ 20 ዓመት አይሞላም። ከ1980 የጀመረው ቆጠራ በኦገስት 1999 ሞልቶ ወደ ዜሮ ተመለሰ፤ ሁለተኛ ጊዜ ኤፕሪል 6 ቀን 2019 ሞላ። ሶፍትዌራቸው የታደሰላቸው ምንም አላወቁም። ያልታደሰላቸው 20 ዓመት ገደማ ወደኋላ ተመልሰው የ1999 ቀን አሳዩ። የኒውዮርክ ከተማ አስተዳደር ገመድ አልባ ኔትወርክ በዚህ ምክንያት ለቀናት ወድቆ ነበር። ኒውዮርክ! የሚቀጥለው ሙላት በኖቬምበር 2038 ነው፤ ያኔ የኔ ተማሪዎች የራሳቸውን ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳሉ።

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልምጣ።

ኤሪክ ሚጂኮቭስኪ የሚባል ካናዳዊ ወጣት በኤፕሪል 2012 ፔብል የሚባል ስማርት ዋች ልሠራ ነው፣ አግዙኝ ብሎ ኪክስታርተር ላይ ወጣ። የፈለገው 100,000 ዶላር ነበር። 68,929 ሰዎች ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡለት። ዕቁብ በሉት፣ ግን ዕጣው ለሁሉም የሚወጣ። ሰዓቱ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ባትሪው ቀናት ይቆያል፣ ማንም ፕሮግራመር የራሱን የሰዓት ገጽ ጽፎ መጫን ይችላል። በ2015 ሁለተኛውን ሲያመጣ 20 ሚሊዮን ዶላር አለፈ።

በዲሴምበር 2016 ኩባንያው ተዘጋ። ፊትቢት ሶፍትዌሩን ገዛ፣ የተወሰኑ ባለሙያዎቹን ወሰደ። ሰዓቱን አልፈለገውም። ይሁንና አንድ ነገር አደረጉ፣ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ፤ በ2017 ሰዓቱ ያለ ኩባንያው ሰርቨር እንዲሠራ የሚያደርግ የመጨረሻ አፕዴት አወጡ። እየሄዱ በሩን ክፍት ትተው እንደመሄድ ነው። ሰርቨሩ ራሱ በጁን 30 ቀን 2018 ጠፋ።

ባለቤቶቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሪብል በሚል ስም ተሰብስበው የራሳቸውን ሰርቨር አቆሙ፣ አፑንና የሰዓት ገጾቹን አድነው አስቀመጡ። የአየር ሁኔታና የድምፅ አገልግሎት የሚፈልግ ሰው በወር 3 ዶላር ይከፍላል፤ ሌላው በነጻ ነው። አባት ሲሞት እናት፣ እናት ስትተው ልጅ አልኳችሁ መሰለኝ መጀመሪያ ላይ። ሰዓቱን ተሸክሞ የሚዞር ሰው ተገኘ።

ፊትቢትን ደግሞ ጉግል ገዛው፤ ግዢው በጃንዋሪ 2021 ተጠናቀቀ። የፔብል ሶፍትዌርም አብሮ ጉግል መጋዘን ገባ። በጃንዋሪ 2025 ሚጂኮቭስኪ ሲጠይቅ የነበረው ነገር ተፈቀደ፤ ጉግል የፔብልን ሶፍትዌር ኮድ ማንም እንዲያየውና እንዲጠቀምበት ጊትሀብ ላይ አወጣው። ሁሉም አልወጣም፤ ብሉቱዙን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል የሌሎች ንብረት ስለነበር ተቆርጦ ቀርቷል፣ በነጻ በሚገኝ ሌላ ተተካ። በዚያው ዓመት ሚጂኮቭስኪ በዚሁ ኮድ የሚሠሩ አዳዲስ ሰዓቶች ለገዢዎች መላክ ጀመረ። ከሞተ ዓመታት ያለፉት ሶፍትዌር እንደገና አፕዴት መደረግ ጀመረ።

ኮምፒውተር ሳይንስ የተማራችሁ ልጆቼ ሆይ፣ ኮዱ እዚያው ክፍት ተቀምጧል። ቀኑን ከንጋት የሚጀምር፣ ጳጉሜንም የማይዘል የሰዓት ገጽ የሞከረ ካለ ኮሜንት ላይ ፎቶውን ያስቀምጥልኝ።